ለአንድ ስኒ የሚሆን ጨርቅ

ጥቅምት 9

ለውድ እትዬ፣

ይህች ወረቀት አንቺንም እማማንም በደህና ታግኛችሁ። እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከወገቤ ሕመም በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤስ የሥራ ነው፣ በቅባት ይለቃል። የናንተው ግን ቅባት አልተገኘለትም።

ምነው በስልክ ጠፋህ እንዳትይኝ። የኛ ቤት ሰው ስልክ ሲይዝ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብሎ የሚዘጋ ነው። እማማ ደግሞ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በስልክ የምትሰማው የራሷን ጩኸት ብቻ ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ስለኖረ ይሆናል፣ እኛ ካልጻፍን የልባችን አይደርስም።

አሁን የምነግርሽን ለእማማ እንዳታነቢላት። አብሮኝ ይኖር የነበረው ልጅ አግብቶ ወጣ። እዚህ ሰው አገር ክፍሉን ብቻዬን ይዤዋለሁ። ይህን ከሰማች እንቅልፍ የላትም፤ «ልጄ ታሞ ውሃ የሚያቀብለው የለም» እያለች ግድግዳ ስታይ ታድራለች። ስለዚህ አደራሽን።

የሄደው ልጅ በድስት ቡና ያፈላ ነበር። ድስቱን ለሁለት ሰው ስለለመድነው አሁን ሳፈላ ግማሹ ይተርፋል። ያደረውን ሳሞቀው የዕቃ እጣቢ ይሆናል። ሥራ ቦታማ አይነሳ። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስተኩስ እውልና ለእረፍት ስንወጣ ያለው የፍል ውሃ ቧንቧና አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ነው፤ ያ በማንኪያ ጨልፈው ፍል ውሃ ሲያፈሱበት ወዲያው የሚሟሟው። ቀለሙ ቡና ነው። የቀረው ሐሜት ነው።

እስቲ እማማን ጠይቂልኝ፤ አንድ ሰው፣ ያለ ድስት፣ ያለ ብዙ ጣጣ፣ በአጭር እረፍት ውስጥ አንድ ስኒ ደህና ቡና እንዴት ያገኛል? የእግሯንም ልክ ላኪልኝ፣ የቤት ጫማ ልገዛላት ነው። እግዜር ቢፈቅድ ሰኔ ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እመጣለሁ። ከመጣሁ በኋላ ከእጇ ካልሆነ ከማንም አልጠጣም።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ስኳሩን በመጨረሱ እማማ «ጉንዳን» ያለችው


ኅዳር 2

ለወንድምዓለም ለጉንዳኑ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እማማ «ወገቡን በሙቅ ጨርቅ ይያዘው፣ አንሶላ ሲተኩስ ውሎ ሙቅ ጨርቅ አጣሁ እንዳይለኝ» ብላለች። እኛ ደህና ነን።

ብቻህን መሆንህን የጻፍክበትን ዘልዬ ነው ያነበብኩላት። ስዘል ግን ዓይኔን ታየኝ ኖሯል። «ምኑን ዋጥሽው?» አለችኝ። «ምራቄን ነው» አልኳት። አላመነችኝም፣ ግን ተወችኝ።

የአንድ ስኒውን ሳነብላት ግን ከልቧ ሳቀች። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ያቺን ነጭ ሻሿን አስራ ተቀምጣ ነበር። ታውቃታለህ፤ ተለማማጅ ሳለሁ ጠርዟን በሰማያዊ ክር አጣምሜ የሰፋሁባት፣ አንተ «ወንዝ» ያልካት። ዛሬም ለማንም አትሰጣትም፣ የምታጥባትም ራሷ ናት። ሻሿን እያስተካከለች እንዲህ አለች፦ «ለአንድ ስኒ ብሎ እሳት የሚያነድ ማን ነው? ሰው ያጣ ሰው ይፈልጋል እንጂ ስኒ አይቀንስም። በዪው!» እነሆ ብዬሃለሁ።

እሷ እንቢ ስትል ሙያው ወደ እኔ መጣ። ቡናውን በጣም አድቅቀህ አስፈጭ። ስኒውን አስቀድመህ በፍል ውሃ አሙቀው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ዱቄት ጨምር። ውሃው ከፈላ በኋላ ትንፋሽ ያህል አቆየውና አፍስስበት፣ አማስለው፣ በሰሃን ክደነው። ትንሽ ቆይተህ ላዩ ላይ የቀረውን በማንኪያ ግፈፍና ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርግበት፤ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል። የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዋት። ከሰሰትክ ጥርስህ ይመሰክርብሃል።

የእግሯን ልክ በስፌት ጠመኔ ወረቀት ላይ ከብቤ ልኬልሃለሁ። ቆሚ ስላት ትስቃለች፣ ጣቶቹ የተንጋደዱት ለዚህ ነው። ተረከዙ የተዘጋ፣ የማያንሸራትት ይሁን። «ቀይ እንዳይሆን፣ ሙሽራ አይደለሁም» ብላለች።

እትዬህ


ኅዳር 29

ለእትዬ፣

ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት በፊት እንደሚደርስሽ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ወገቤም ተሽሎታል፤ በሙቅ ጨርቅ ያዝኩት፣ ለእማማ ንገሪያት።

ያልሽኝን አደረግሁ። ቤት ውስጥ ተዋጥቶልኛል። ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ክዳኑን ሳነሳ የሚወጣው ሽታ ራሱ ቁርስ ነው። ሥራ ቦታ ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። መክደኛ ሰሃን የለም፣ የእረፍት ማብቂያው ደወልም ዝቃጩ እስኪወርድ አይጠብቅም። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ መተው አልችልም። አለቃዬ ሳወራ ጥርሴን አየችና ለእንግዶች ከሚቀርበው የጥርስ ብሩሽ አንዱን አውጥታ ሰጠችኝ።

ሻይ ጠጪዎቹ ቀናብን ሊሉ ይችላሉ፣ እውነትም ቀናሁ። ያቺን ትንሽ ከረጢታቸውን ነከር አድርገው፣ አውጥተው፣ ጥለው ይጠጣሉ። ቡና ከሻይ በምን ያንሳል? አንቺስ ልብስ ሰፊ አይደለሽም? እስቲ አስቢበት።

ጫማውን በፖስታ ልኬአለሁ። ቡናማ ነው፣ ሙሽራ አያስመስልም።

እማማ ናፍቃኛለች፣ እትዬ። ስትናፍቀኝ ፊቷ አይደለም የሚመጣብኝ። ስኒ ስታቀብል «ያዝ፣ ያቃጥላል» የምትለው ነው። ቡናው በርዶም ቢሆን ትለው ነበር። እዚህ የሚያቃጥል ነገር ሞልቷል፤ ብረቱ፣ እንፋሎቱ፣ ከማድረቂያው የሚወጣው አንሶላ፤ ያቃጥላል የሚለኝ ግን የለም። ሰኔ ድረስ እንዴት እንደምቆይ እንጃ።

ጉንዳን


ጥር 21

ለወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዘግይቼብሃለሁ፣ አትቀየመኝ። ሥራ በዛብኝ፣ ቤትም ሰው ይገባ ይወጣ ነበር።

ጫማው ደርሷል። ልኩ ልክ ነው፣ ይሞቃል።

የከረጢቱን ነገር አስቤበታለሁ። ከሱቅ ስስ የጥጥ ጨርቅ ገዝቼ መዳፍ የማይሞላ ትንንሽ ከረጢት ሰፋሁልህ። አፉ ላይ ክር አለው፣ ትስበዋለህ ይዘጋል። ዱቄቱ ለዚህ ትንሽ ሸካራ ቢሆን ይሻላል፤ የደቀቀው በጨርቁ ውስጥ ያልፋል። ከግማሽ በላይ አትሙላው፣ ቡናው ሲርስ ያብጣል፣ መላወሻ ይፈልጋል። ስኒው ውስጥ አስቀምጠህ ፍል ውሃውን ላዩ ላይ ቀስ ብለህ አፍስስ፣ ክሩን ይዘህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ስታወጣው ጨመቅ አድርገው፣ ግን አትጠምዝዘው፣ ይመራል። እኔ እዚሁ ወጥ ቤት ቆሜ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ለአንድ ሰው በልኩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አጠገብህ ማን አለ? የምትቀርበው፣ ከሥራ ስትመለስ የምታናግረው ሰው የለህም? በሚቀጥለው ደብዳቤህ ይህን ሳትመልስልኝ እንዳትቀር።

እትዬህ


የካቲት 12

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እማማም ጉልበቷ ይጽና።

ከረጢቶቹን ስቀበል ልጅ ሆንኩ። አንዱን ወዲያው ይዤ ሥራ ገባሁ። ሁሉም ከበበኝ። ነከርኩት፣ አወጣሁት፣ ጠጣሁት፤ እትዬ፣ ሥራ ቦታዬ አፌ ውስጥ ገባ! የአንሶላ ጣዕም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚቀቡት ሙጫ አለ፣ አንድ ሁለቴ ቢታጠብም አይለቅም። እኛ ዘንድ አዲስ አንሶላ ሲመጣ ሙጫው እስኪወጣ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ለቡና የሚሆነው አሮጌ ጥጥ ነው፤ በሳሙና ብዛት የለዘበ፣ ዓመታት የታጠበ። ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቁራጭ ካለሽ እሱን ስፊልኝ።

አጠገብህ ማን አለ ላልሽኝ፣ ልትድሪኝ ከሆነ በግልጽ ተናገሪ። ከማን ጋር እንደሆነ ሳይነገረኝ አልዳርም። ያለው ግድግዳ የምንጋራው አንድ ሽማግሌ ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ሳሉን እንጂ ሰውየውን አላውቀውም። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገቱን ይሰብራል፣ እኔም እሰብራለሁ፣ በቃ።

ፈቃዴ ጸድቋል! ሰኔ መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ። ለእማማ ንገሪያትና ምን እንዳለች ቃል በቃል ጻፊልኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ውስጥ እኮ አንድም ነገር አላለችም። አኩርፋኝ ነው? ቡናማውን ጠላችው?

ጉንዳን


መጋቢት 5

ለወንድምዓለም፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ አለሁ።

እንዳልከኝ አሮጌ ጥጥ አግኝቼ ስድስት ሰፍቻለሁ። በፍል ውሃ ቀቅዬ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ የጨርቅ ጣዕም የለውም። ከተጠቀምክ በኋላ በውሃ ብቻ እጠበው፣ ሳሙና አታስነካው። ረጅም ጊዜ ያገለግልሃል።

ልድርህ አይደለም። የሹፌሩን በር አንኳኳ። ሰው እኮ ሳል ብቻ አይደለም። ሂድና እንደምን ዋሉ በለው፣ ስሙን ጠይቀው። የምለምንህ ነገር ብዙ አይደለም፣ ይህችን አድርግልኝ። ካደረግህ በኋላ ጻፍልኝ፣ እኔም የምጽፍልህ አለኝ።

ና ሰኔ ላይ። በሩ ክፍት ነው።

እትዬህ


መጋቢት 30

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታዬን ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ታስተውይዋለሽ።

ከረጢቱ ሲደርሰኝ ሥራ ቦታ ይዤ ሄድኩ። ያለ ውሸት፣ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቡና አልጠጣሁም። ጥርት ያለ፣ ዝቃጭ የሌለው፣ አፍ ላይ የሚቆይ። አለቃዬን እንኳ አስቀመስኳት፣ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ሳምንት ሙሉ የእረፍት ደወሉን እንደ ተማሪ ስጠብቅ ከረምኩ።

ከዚያ አንዱን ከረጢት አጥቤ፣ እርጥብ ሆኖ ኪሴ ውስጥ ከማስቀምጠው ብዬ ብረቱ ሥር አስገባሁት። ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ እጄ የለመደው መተኮስ ነው። እንፋሎቱ ሲያልፍበት ጨርቁ ተዘረጋና በአንድ ጠርዙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ተሰልፎ አየሁ። ክሩ ተተርትሯል፣ ቀዳዳው ግን አልጠፋም። ሰልፉ ቀጥ ያለ አልነበረም። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጣመማል። ወንዙ ነው።

ሰማያዊውን ክር አንድ በአንድ ስታወጪው ታየሽኝ። እጅሽ እንደማይሳሳት አውቃለሁ፣ ግን ጨርቅ ለሚተኩስ ሰው ጨርቅ አይዋሽም፣ እትዬ። እማማ ሻሿን ለማንም አትሰጥም። በቁሟ አታስቆርጠውም።

ብረቱን አጠፋሁ። አለቃዬ ምን ሆንክ አለችኝ። እንፋሎት ዓይኔ ገባ አልኳት። የዚያን ዕለት አንሶላ ማን እንደተኮሰልኝ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁ፣ አልቻልኩም። በማግስቱም አልቻልኩም። ደብዳቤዎችሽን መልሼ ሳነብ ነው «አጠገብህ ማን አለ» ማለትሽ የገባኝ። ለካ እኔ ስቀልድብሽ አንቺ መርዶውን ይዘሽ አጠገቤ የምታስቀምጭው ሰው ትፈልጊ ነበር። ብቻዬን ነኝ ብዬ አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እማማ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ሰው ያጣ ሰው ይፈልጋል እንጂ ስኒ አይቀንስም። ተነስቼ ሁለት ስኒ አሞቅሁ፣ ሁለት ከረጢት ሞላሁና የሹፌሩን በር አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። ምን ልበለው? «ለእህቴ ደብዳቤ ልጽፍ ነው፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እፈልጋለሁ» አልኩት። ከዚያ «ቆይ፣ ልልበስ» አለና ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ።

አሁን ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ፊደላችንን አያውቀውም፣ ግን እጄን ያያል። ስኒውን ሳቀብለው ሳላስበው በራሳችን ቋንቋ «ያዝ፣ ያቃጥላል» አልኩት። ምን አልክ ብሎ አልጠየቀኝም፣ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

ጻፊልኝ እትዬ። ደብዳቤሽ ሲደርስ ሳልከፍት አንኳኳለሁ። ሁሉንም ንገሪኝ።

ጉንዳን


ሚያዝያ 18

ለወንድሜ፣ አጠገብህም ለተቀመጠው አባት፣

ለሁለታችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እግዜር ያጽናህ፣ የእናቴ ልጅ። ይህን ቃል ለአንተ ሳልል ሰንብቻለሁ።

እማማ ያረፈችው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ደረቷን ያዛት፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ሁለት ቀን ቆይታ አረፈች። አልተሠቃየችም። ሰው ሁሉ ነበረ፣ የአባባ የፖስታ ቤት ጓደኞች ሳይቀሩ። ጫማህ የደረሰው ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ነው። ጥቅሉን የፈታሁት እኔ ነኝ። ቡናማውን ሳየው «ሙሽራ አያስመስልም» ያልከው መጣብኝና ከሰው መሀል ስቄ አለቀስኩ።

አባባ ያረፈ ጊዜ ለአንተ መርዶውን ያረዳህ አብሮህ የነበረው ልጅ ነው። እማማ ናት «እሱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይነገረው፣ መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይጻፍም» ያለችው። እሷ ስታርፍ አንተ ብቻህን ነበርክ። ብዕር ሳነሳ እሷ ራሷ እጄን የያዘችኝ ይመስለኝ ነበር። ደህና ናት ብዬ አንድም ቀን አልዋሸሁህም፤ ዝም ነው ያልኩህ። ዝምታውም ከውሸት ላይሻል ይችላል፣ ይቅር በለኝ።

አሮጌ ጥጥ ፈልጊ ስትለኝ ቤቱን ሁሉ በረበርኩ። ከሻሿ በላይ የታጠበ ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ሣጥኗን ከፍቼ ሻሿን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ክሩን ስተረትር እንዳታውቀው ነበር ሐሳቤ። አሁን ሳስበው ግን እንድታውቀው ፈልጌ ይሆናል። ቀዳዳው እንደማይጠፋ እኔ ልብስ ሰፊዋ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ያን ሁሉ ጊዜ የአንድ ስኒ ቡና ሳስተምርህ ለአንተ ብቻ መስሎህ ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ ደጋግሜ ሞከርኩ ያልኩህ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን የምጠጣው እሱኑ ነበር። ቤቱ ዝም ሲል የእማማን ትልቁን ጀበና መጣድ እጄ እምቢ አለኝ። ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ግን አውርጄ አጠብኩት፣ ጎረቤቶቼንም ጠራኋቸው። «ምነው እስከዛሬ?» አሉኝ። ቀዳሁላቸው።

ሰኔ ላይ ና። ሹፌሩንም ከቻለ ይዘኸው ና፣ ሳሉን በሙቅ እናክመዋለን። በሩ ላይ ቡናማውን ጫማ ስታየው እንዳትደነግጥ፤ እኔ ነኝ የማደርገው። የእግሯ ልክ ለካ የእግሬ ልክ ነው። ገብተህ ስትቀመጥ ከትልቁ ጀበና እቀዳልህና ያዝ፣ ያቃጥላል እልሃለሁ።

እትዬህ